የሴቪያ ፌሪያ፦ የከብት ገበያ እንዴት የድንኳን ከተማ ሆነ?

እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ሴቪያን ያውቃታል። በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ ክልል ያለችው ይህች ከተማ በአገሯ ሰው ዘንድ ይበልጥ ስሟ የሚነሣው ግን በፀደይ ወራት አከታትላ በምታከብራቸው ሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ሰሞነ ሕማማት ነው፤ ከተማው በሐዘንና በምሕላ ጎዳና ላይ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ ያው ሰው ልብሱን ቀይሮ ወደ ዘፈን፣ ወደ ወይን ጠጅና ወደ ፈረስ ይዞራል። ይህኛው ፌሪያ ዴ አብሪል፣ የኤፕሪል ፌሪያ ይባላል፤ ፌሪያ ማለት ዓመታዊ ገበያ ወይም የገበያ በዓል ማለት ነው። የካቶሊኮች ፋሲካ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ስለሚል ፌሪያውም አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ በ2025 ለምሳሌ ስሙ የኤፕሪል ሆኖ የዋለው በሜይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌሪያው የሚካሄደው ሎስ ሬሜዲዮስ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ዓመቱን ሙሉ ይህ ነው የሚባል ነገር የለበትም። ለአንድ ሳምንት ግን ከአንድ ሺህ በላይ ድንኳኖች ተደርድረውበት ጎዳናና የቤት ቁጥር ያለው ከተማ ይሆናል። ግቢው አጥር የለውም፣ መግቢያም አይከፈልበትም። እንግዳ የሆነ ሰው ግራ የሚገባው ከገባ በኋላ ነው። ከየድንኳኑ ሙዚቃ ይሰማል፣ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል፣ በሩ ላይ ግን ጥበቃ ቆሞ የማን እንግዳ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ከተማ ሙሉ የሚያከብረው በዓል አብዛኛው በግል በር ውስጥ ነው። እንዴት እንዲህ ሆነ ለሚል ሰው መልሱ ያለው በአመሠራረቱ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከገንዘብ ነው። በ1254 ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ ሴቪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ ገበያ እንድታቆም ፈቅዶላት ነበር። ያ ልማድ በዘመናት ውስጥ ተዳከመ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአካባቢው የከብት ነጋዴ የሚጎርፈው ወደ ሌሎች ከተሞች ነበር፤ በተለይ ማይሬና ዴል አልኮር የምትባለው ትንሽ ከተማ በኤፕሪል መጨረሻ የምታቆመው ገበያ የቆየ ስም ነበረው። ሴቪያ የአውራጃው ዋና ከተማ ሆና ሳለች ብሩ በደጇ አልፎ ሲሄድ ታይ ነበር።

በኦገስት 1846 ሁለት የከተማው ምክር ቤት አባላት ማመልከቻ አስገቡ። ሆሴ ማሪያ ኢባራ እና ናርሲሶ ቦናፕላታ ይባላሉ። የሚገርመው ሁለቱም የሴቪያ ተወላጆች አይደሉም። ኢባራ ከሰሜን፣ ከባስክ አገር የመጣ ነጋዴ ነው። ቦናፕላታ የካታሎኒያ ሰው ነው፤ ባርሴሎና የነበረው የቤተሰቡ ፋብሪካ በ1835ቱ ሁከት ተቃጥሏል። እሱ ሴቪያ ላይ የብረት ማቅለጫ አቋቋመ፣ በ1852 የተመረቀው የትሪያና ድልድይ ብረትም የወጣው ከዚያ ማቅለጫ ነው። ዛሬ ሴቪያዊ ነኝ የሚል ሁሉ "የኛ" ብሎ የሚኮራበትን በዓል ያመጡት ከተማዋ ውስጥ ለሥራ የገቡ ሁለት መጤዎች ናቸው።

ማመልከቻቸው ውስጥ ስለ ጭፈራ የሚያወራ ነገር የለም። የጠየቁት የሦስት ቀን የእርሻና የከብት ገበያ ነው። ንግሥት ኢዛቤል ሁለተኛ በማርች 1847 ፈቀዱ፤ ኤፕሪል 18 ቀን ያ ገበያ በከተማው ጥግ ላይ ባለው ፕራዶ ዴ ሳን ሴባስቲያን በሚባል መስክ ተከፈተ። ያኔ የነበሩት ድንኳኖች 19 ብቻ ነበሩ። ቀሪው ፈረስ፣ በቅሎ፣ በሬና በግ ነው።

የከብት ግብይት ደግሞ ጊዜ ይበላል። ሻጩ ከሩቅ አገር ከብቱን ነድቶ ይመጣል፣ ገዢው ጥርስ ያያል፣ ይከራከራል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ዋጋ ሲቆረጥ ይጠጣበታል። የሚያድር ሰው ካለ የሚበላ ነገር የሚሸጥ ይኖራል፤ ሂታኖ የሚባሉት፣ በሌላው ዓለም ጂፕሲ በመባል የሚታወቁት የሮማ ሕዝብ ሴቶች ቡኙዌሎ የተባለውን የተጠበሰ ሊጥ እዚያው በዘይት እያወጡ ይሸጡ ነበር። ባለጠጋው የከተማ ቤተሰብም ወዳጅ ደንበኛውን የሚያስተናግድበት ጥላ ፈለገ፣ ድንኳን ተከለ፣ ጊታር ገባ። ገና በሁለተኛው ዓመት ነጋዴዎቹ፣ የሴቪያ ሰዎች በዘፈንና በጭፈራቸው ገበያችንን እያወኩት ነውና ጥበቃ ይጨመርልን ብለው ለከተማው እንዳመለከቱ ይነገራል። አቤቱታው የትም አልደረሰም። ጭፈራው በየዓመቱ እየሰፋ፣ ገበያው ወደ ጥግ እየተገፋ ሄደ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ትራክተርና የጭነት መኪና ሲመጡ የከብቱ ንግድ ጨርሶ ቀረ። ከዚያ ገበያ ዛሬ ድረስ የተረፈው ፈረሱ ነው፤ እሱም የሚታይ እንጂ የሚሸጥ መሆኑ ቀርቷል።

ሜዳው ሲጠብ በ1973 ፌሪያው ከፕራዶ ተነሥቶ አሁን ወዳለበት ሎስ ሬሜዲዮስ ተዛወረ። የድንኳኑ ከተማ ጎዳናዎች በሙሉ በታወቁ የበሬ ተጋዳዮች ስም ይጠራሉ፦ ሁዋን ቤልሞንቴ፣ ሆሴሊቶ ኤል ጋዮ፣ ፓስኩዋል ማርኬስ። ቀጠሮ የሚያዘውም በዚሁ ነው። አንድ ሴቪያዊ "ቤልሞንቴ ላይ፣ ቁጥር ይህን ያህል" ካላችሁ አድራሻው በሌላው ጊዜ የሌለ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ማንም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ስሙ ካሴታ ነው። የብረት ቱቦ ተገጣጥሞ ይቆማል፣ በላዩ ሸራ ይለብሳል። ሸራው እንደ ባለቤቱ ፍላጎት አይመረጥም፤ የከተማው ደንብ ነጭና ቀይ ወይም ነጭና አረንጓዴ ሸንተረር እንዲሆን ያስገድዳል። ከፊት ለፊት በጣሪያው ጫፍ ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ሐረግና አበባ የተሳለበት ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ፓኞሌታ ይሉታል። ይህ ዛሬ እንደ ጥንት ሥርዓት የሚታየው መልክ የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ከጂብራልታር የመጣው ሠዓሊ ጉስታቮ ባካሪሳስ ትልቅ እጅ አለበት። ሌላ መጤ! ውስጡ ለሁለት ይከፈላል። የፊተኛው ክፍል የዳንቴል መጋረጃ፣ የወረቀት ፋኖስ፣ አበባ የተቀባ የእንጨት ወንበርና የመጨፈሪያ ወለል ያለበት የእንግዳ ቦታ ነው። የኋለኛው ማድ ቤት፣ ባንኮኒና መጸዳጃ ነው። የአንዱ መደብ፣ ማለትም የአንድ ድንኳን ቦታ፣ የፊት ስፋቱ አራት ሜትር ሲሆን ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙ መደብ አጣምረው ይይዛሉ። ትንሿ ግን በእውነት ትንሽ ናት፤ አሥራ ሁለት ሰው ሲጨፍርባት አሥራ ሦስተኛው ክንዱን የሚዘረጋበት አያገኝም።

ቦታው የከተማው ነው። ካሴታ የሚይዘው አካል፣ ቤተሰብም ይሁን የጓደኛ ማኅበር፣ ድርጅትም ይሁን የሠራተኛ ማኅበር፣ በየዓመቱ ለማዘጋጃ ቤቱ እየከፈለ የሚታደስ ፈቃድ ይይዛል። ጠቅላላ ነገሩ የሚዞረው በአንድ ደንብ ላይ ነው፦ አምና የነበረው ሰው ክፍያውን በጊዜው ከከፈለና ደንቡን ካልጣሰ ዘንድሮም ቦታው የእሱ ነው። ስለዚህ የሚለቅ የለም። አባት የነበረበትን የአባልነት ቦታ ልጅ ይረከባል። አዲስ አመልካች ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ደግሞ በዓመታት ሳይሆን በአሥርት ዓመታት ይቆጠራል። በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ሀብታም ሁሉ ይገዛው ነበር፤ ደንቡ መሸጥና ማከራየትን ስለሚከለክል ሀብት ብቻውን አያስገባም። የቆየ ስምና ትውውቅ ግን ያስገባል። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም፤ ግን ፌሪያውን ወደ ተራ የቢራ ፌስቲቫልነት ከመለወጥ ያዳነውም ይኸው ደንብ ነው ብዬ አምናለሁ።

አባላቱ በዓመት መዋጮ ያወጣሉ። ከዚያ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ፣ የመብራቱ፣ የጥበቃው፣ የማስዋቢያውና የሙዚቀኛው ወጪ ይሸፈናል። የሚበላና የሚጠጣው ለብቻው ነው፤ እሱንም የሚከፍለው አባሉ እንጂ እንግዳው አይደለም። እንደኛ የሰርግ ድንኳን ነው ብላችሁ ብታስቡት ብዙ አትስቱም፤ ሙዚቃው ለመንገደኛ ሁሉ ይሰማል፣ የሚቀመጠው ግን ጠሪ ያለው ነው። ልዩነቱ ሰርጉ አንድ ሺህ መሆኑና አንድ ሰው በአንድ ሌሊት አምስት ስድስቱን መዞሩ ነው። ወዳጅህ በር ላይ ይወጣል፣ ለጥበቃው "ከእኔ ጋር ነው" ይላል፣ አለቀ። ከዚያ ተነሥተህ ሌላ ወዳጅህ ጋ ትሄዳለህ። ሴቪያ ውስጥ አንድ ሰው ስንት ካሴታ ውስጥ እንደሚገባ በከተማው ያለውን ቦታ ይናገራል፤ ነጋዴውም ፖለቲከኛውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የከብት ገበያው ተዘጋ እንጂ ውል በመለኪያ መቋጨቱስ ቀጥሏል።

መለኪያው ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማንሳኒያ ነው። ጓዳልኪቪር ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ከሳንሉካር ዴ ባራሜዳ የሚመጣ፣ ደረቅና ነጣ ያለ፣ አሥራ አምስት በመቶ ያህል አልኮል ያለው የወይን ጠጅ ነው። በፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ለመጠጣት ይከብዳል። ስለዚህ በቅርብ አሥርት ዓመታት ሬቡሂቶ የሚባል ነገር ነገሠ፦ ማንሳኒያ ከሎሚ ለስላሳ ጋር፣ በረዶና የናና ቅጠል ተጨምሮበት፣ በጆግ ተቀድቶ መካከል ላይ ይቀመጣል። ለስላሳ ይመስላል፤ ሲነሡ ነው ጉልበቱ የሚታወቀው። ሽማግሌዎቹ የወይን ጠጅ ማበላሸት ነው ይሉታል። ምግቡ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጥሬው የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ሽሪምፕና ድንች በእንቁላል ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ናና ጣል የተደረገበት ትኩስ የሥጋ መረቅ በትንንሽ ኩባያ ይዞራል፤ ለጎህ ደግሞ ቹሮ የሚባል የተጠበሰ ሊጥ በወፍራም ቸኮላት።

ሳምንቱ የሚከፈተው በምሽት ነው። መጀመሪያ የካሴታው አባላት እርስ በርስ የሚበሉት የተጠበሰ ዓሣ እራት አለ፤ በአንዳሉሲያ አነጋገር ፔስካይቶ ይሉታል። ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ አምፖሎች በዋናው በር ላይ ባንድ ጊዜ ይበራሉ። ይህ አሉምብራኦ ነው። በሩ ራሱ ፖርታዳ ይባላል፤ ከአርባ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከብረት ቱቦና ከእንጨት ሰሌዳ ወራት ፈጅቶ የሚሠራ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ የሚፈርስ ግንብ ነው። በየዓመቱ ንድፉ አዲስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከከተማዋ የታወቁ ሕንፃዎች ወይም በዚያ ዓመት ከሚዘከር ነገር ይቀዳል። አያቱ በ1896 በቀድሞው ሜዳ አጠገብ የቆመው በመብራት የሚያሸበርቅ የብረት መሸጋገሪያ ነበር፤ በ1921 አፈረሱት። ትዝታው ግን አልፈረሰምና በኋላ ዘመን በየዓመቱ የሚገነባ በር ተተካበት።

ከቀትር ጀምሮ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ጎዳናው የፈረስ ነው። ወንዱ ጋላቢ አጭር ጃኬትና ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ለብሶ አንድ እጁን ልጓም ላይ፣ ሌላውን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ ሴቷ ከኋላው በጎን ትቀመጣለች። ሠረገላዎቹ ቃጭል በታሰረላቸው በአምስትና በስድስት በቅሎ ይሳባሉ። መሬቱ አልቤሮ የሚባል ቢጫ አሸዋማ አፈር ነው፣ የበሬ መጋጠሚያው ሜዳም በዚሁ ይለበሳል፤ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ይረጩበታል። ብዙ ጎብኚ የሌሊቱን ያሞግሳል። እኔ ግን ፌሪያውን በአንድ ቀን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ቀኑን ነው የምመርጥለት፤ የድሮው ገበያ ጥላ የሚታየው ያኔ ነው።

የሚጨፈረው ሴቪያናስ ነው። ብዙ ሰው ፍላሜንኮ ነው ይለዋል፤ ዘመዱ ነው እንጂ መሠረቱ ሴጊዲያ ከተባለው የቆየ የሕዝብ ጭፈራ ነው። ፍላሜንኮ ብቻውን ቆሞ የሚታይ ሰው ይፈልጋል፣ ሴቪያናስ ግን የሁሉም ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ዘፈኑ አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ የራሱ እርምጃ አለው። በአንደኛው ይጠጋጋሉና ይራራቃሉ፣ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ወደ መጨረሻው እየተዟዟሩ ዓይን ለዓይን ይገናኛሉ። ክፍሉ ሲያልቅ ሙዚቃው በድንገት ይቆማል፣ ጨፋሪውም ክንዱን አንሥቶ ደርቅ ብሎ ይቀራል። ያቺን መቆሚያ አንድ ሰከንድ ያሳለፈ ወዲያው ይታወቅበታል። ጎረምሳውም አያቱም ስለሚያውቁት ማንም ከማንም ጋር ይነሣል። የማያውቅ እጁን ያጨበጭባል፤ ማጨብጨቡም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ የጎብኚ ጭብጨባ ከሩቅ ይለያል።

ልብሱ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ ሴቶች የሚለብሱት፣ ገላ ላይ ጥብቅ ብሎ ከጉልበት በታች በእርከን እርከን ሽብሽብ የሚበተነው ነጠብጣብ ቀሚስ የመጣው ከከብት ነጋዴዎቹ ጋር ወደ ገበያው ከሚመጡት የሮማና የገበሬ ሴቶች የሥራ ቀሚስ ነው። ርካሽ ጨርቅ ነበር፣ ጫፉን ለማሳመር ሽብሽብ ይጨምሩበት ነበር። የባለጠጋ ሴቶች መጀመሪያ ዝቅ አድርገው አዩት፣ ቀጥሎ ለጨዋታ ለበሱት፣ በ1929 ሴቪያ ታላቁን የኢቤሮ አሜሪካ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ የከበረ የፌሪያ ልብስ ሆኖ ጸና። ሌላው የአውሮፓ ባህላዊ ልብስ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ሳይለወጥ የሚቀመጥ ሲሆን ይህ ግን በየዓመቱ ፋሽን ይወጣለታል፦ ዘንድሮ እጅጌው ይረዝማል፣ ለከርሞ ነጠብጣቡ ይተልቃል። አበባዋ ጸጉር ላይ ትሰካለች፣ ትከሻ ላይ ሻሽ ይጣላል። ጥሩ ቀሚስ በመቶዎች ዩሮ ያስወጣል፤ ስለዚህ ከጥንቷ የበቅሎ ነጋዴ ሚስት ሞገስ እንጂ ርካሽነቱ አልተወረሰም። ወንዶች ፈረስ ላይ ካልሆኑ ሱፍና ከረባት ያደርጋሉ፣ በዚያ ሙቀት።

ከካሴታዎቹ ባሻገር የልጆች መጫወቻ የሞላበት ሰፈር አለ፤ ካዬ ዴል ኢንፊዬርኖ፣ የሲኦል ጎዳና ይሉታል። የሙዚቃው፣ የጡሩንባውና የጩኸቱ ብዛት ስሙን የሚመጥን ነው። ለኦቲስቲክ ልጆች ሲባል ድምፅ የሚጠፋበት ሰዓት መመደቡ በቅርብ ዓመታት የመጣ ጥሩ ነገር ነው።

ክርክር የማያጣው በዓል ነው። የከተማው ሰው በ2016 ድምፅ ሰጥቶ ከ2017 ጀምሮ ፌሪያው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እንዲሆን ተደረገ፤ ሆቴሉም ሁለት የሳምንት መጨረሻ አገኘ። ካሴታ ያላቸው ግን ረዘመብን፣ ኪሳችንም ጉልበታችንም አለቀ አሉ። በ2025 ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ይበራና እሑድ ሌሊት ወንዙ ዳር በሚተኮስ ርችት ይዘጋል። ፈረሶቹ በሙቀት ላይ መዋላቸው የእንስሳት ተቆርቋሪዎችን ያስቆጣል፤ በዚያው ሰሞን በማኤስትራንሳ ሜዳ የሚደረገው የበሬ ግጥሚያም እንዲሁ። በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ምክንያት ጨርሶ አልተካሄደም፣ ከዚያ በፊት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት አቋርጦት ያውቃል።

የሁሉም ክርክር አውራ ግን የተዘጋው በር ነው። እዚያው አንዳሉሲያ ውስጥ በኮርዶባ፣ በሄሬስና በማላጋ ፌሪያዎች እግር የጣለው ሰው ካሴታ ገብቶ በገንዘቡ ይበላል፤ ያገሩ ሰዎችም ይህን እያነሡ ሴቪያን ይነካኳታል። ሴቪያዊው የሚመልሰው፣ የኛ ካሴታ መጠጥ ቤት ሳይሆን ሳሎናችን ነው፣ ለአንድ ሳምንት ወደ ሜዳ አወጣነው እንጂ ቤታችን ነው የሚል ነው። ክርክሩ አይጥመኝም አልልም፤ ሳሎን የሌለው ሴቪያዊ ግን ብዙ መሆኑን ይዘለዋል።

ጠሪ የሌለው ሰው ከነጭራሹ ውጭ ይቀራል ማለትም አይደለም። የከተማው ክፍለ ከተሞች፣ የፖለቲካ ፓርቲዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ለሁሉም ክፍት የሆኑ ካሴታዎች አሏቸው፤ በመግቢያው ላይ ያለው የመረጃ ድንኳን የትኞቹ እንደሆኑ ይነግራል። ሰፋፊ ናቸው፣ ይጨናነቃሉ፣ የሚከፍለውም ራሱ ጠጪው ነው። በሳምንቱ መካከል፣ ከቀትር በኋላ፣ ነጣ ያለ ጫማ ሳያደርጉ መሄድ ይሻላል፤ ቢጫው አፈር በቀላሉ አይለቅም።